የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና፦ ከስፌቱ ውጭ ያለው ሙያ

ታካሚዋ ትሰማለች

ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ ያዞረባቸውን የሊበንና የቡሬ ገጠር ሰዎች በአብዛኛው የሚሠራላቸው የዓይን ሐኪም ሳይሆን ለዚሁ የሠለጠነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። ማደንዘዣው ቆቡ ላይ ብቻ ስለሚሰጥ ታካሚዋን እንቅልፍ አይወስዳትም። “ውይ!” ብትሉ፣ መቀሱ አይቆርጥም ብትሉ፣ ስለ አበል ብታወሩ ሁሉን ትሰማለች።

ክሩ አልለየም

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በአማራ ክልል 1,300 ታካሚዎችን ይዞ በሚሟሟና በሐር ክር የተሰፉትን አነጻጽሮ ነበር። በዓመቱ በሁለቱም ወገን ከ5 ሰው ወደ 1 በሚጠጉት ላይ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ዞረ። የበሽታው ክብደትና የሠሪው ማንነት ግን ውጤቱን ይለያሉ። ሠሪው ስንል ደግሞ እጁን ብቻ ማለታችን አይደለም።

መወሰን ይከብዳል

የስኮትላንድ የሥነ ልቦና ምሁራንና ቀዶ ሐኪሞች ከስፌቱ ውጭ ያለውን ይህን ሙያ በ4 ከፍለውታል፦ ሁኔታን ማስተዋል፣ መወሰን፣ ተነጋግሮ አብሮ መሥራት፣ መምራት። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው መወሰን ይመስለኛል። ቀድሞ የተሠራ ቆብ ወይም ሕፃን ሲመጣ “ይህ ከእኔ በላይ ነው” ብሎ ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መላክ፣ ወረፋው በሞላ የዘመቻ ቀን፣ ድፍረት ይጠይቃል። አጋዧ ነርስም “የተመዘገበው እኮ ግራ ዓይን ነው” ብላ ማስቆም አለባት፤ ካሁን በፊት ተቆጥታችሁባት ከሆነ ግን ዝም ትላለች።

መርፌው ሳይገባ

“እማማ፣ አሁን መርፌ እወጋዎታለሁ። ትንሽ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ካመመዎ እጅዎን ሳያነሱ በአፍዎ ይንገሩኝ።”

እጅ ከተነሣ ንጹሑ ጨርቅ ይበከላል፤ ራስ ከተወዛወዘ ስለቱ ይስታል። ዕድሜዋን ሙሉ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል የኖረች ሴት ተደናግጣ ከሄደች ደግሞ ወሬው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይደርሳል፤ ጎረቤቶቿም ወረንጦአቸውን ይመርጣሉ።

ልምምዱ

ሄድ ስታርት የሚባለው የፊት ቅርጽ ለመቁረጥና ለመስፋት ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ግን አይፈራም፣ አይጠይቅም። ስለዚህ አሠልጣኞች፣ አንዱን ሠልጣኝ ከቅርጹ አጠገብ አስቀምጡትና እንደ ታካሚ ይናገር፣ ይቃወም። ነጥብ ስትሰጡም ስፌቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪው የተናገረውንም ቁጠሩ።