የአሮጌ ከባድ መኪና ኮንታክት እንዴት ይፈለጋል?

ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔና በሀላባ በኩል የመጣ ጭነት እዚህ ደርሶ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላ ወይም ወደ ዳውሮ ይለያያል። የከተማዋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አዲስ ሲኖትራክም፣ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ፊያትም በአንድ ቀን ሊመጣበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ አምቼ ገጣጥሟቸው፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፉ ኖረው፣ ዛሬም ተሳቢ የሚጎትቱት መኪኖች። ኮምፒውተር ስለሌላቸው ብልሽቱ በሽቦ፣ በማብሪያ፣ በሪሌ ወይም በአምፖል ላይ ነው፤ ዐይንና እጅ ይደርሱበታል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ በየዘመኑ የነካካቸው ሰው ሁሉ የራሱን ሽቦ ጨምሮባቸው ሄዷል።

የእነዚህ መኪኖች ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረው የሚሰጡት። ከፖዘቲቩ የወጣው ኃይል በፊውዝ፣ በማብሪያና በሽቦ አልፎ አምፖል ጋ ይደርሳል። ወደ ኔጋቲቩ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው በሻንሲው ብረት በኩል ነው። ስለዚህ የፖዘቲቭ ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ የትኛውንም የመኪናውን ብረት ከነካ፣ ኃይሉ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ኮንታክት የምንለው ይህንን ነው።

አቋራጩ ለምን እንደሚያቃጥል በቁጥር እንየው። አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በ24 ቮልት የሚወስደው 0.9 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦው ብረት ነክቶ በመንገዱ ላይ የቀረው ተቃውሞ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን ግን፣ 24ን ለ0.1 ስናካፍል 240 አምፔር ይመጣል። ቀጭን የመብራት ሽቦ ይህን አይችልም። በጥቂት ሰከንድ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አብረውት የታሰሩትንም ይዟቸው ይሄዳል። ፊውዝ የተቀመጠው ከሽቦው ቀድሞ እንዲቀልጥ ነው። ደጋግሞ ሲቃጠል በቦታው የሲጋራ ብር፣ ሚስማር ወይም የመዳብ ሽቦ መሰካት ሌባውን ትቶ ዘበኛውን ማባረር ነው። መብራቱ ለጊዜው ይበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀልጠው ጋቢና ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ነው።

መሣሪያ ከማንሳት በፊት ጥያቄ ይቀድማል። ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ረዳቱንም ይጠይቁ፤ እየወረደ መብራት የሚያየው እሱ ነው። ፊውዙ ማብሪያው እንደተነካ ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦው ብረቱን እንደነካ ቆሟል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቶሎ ይገኛል። ኮረኮንች ላይ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ የሚወዛወዝ ሽቦ አለ። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ የፍሬን መብራት መስመር ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚመጣው ግን ያታልላል። ወላይታ ውስጥ በበልግም በክረምትም ይዘንባል፤ ቀዩ ጭቃ የኋላ መብራት ቤት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ውሃ ብቻውን ፊውዝ የሚያቃጥልበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያደርገው የአምፖሉን መያዣ ማዛግ ነው፤ የዛገው ስፕሪንግ ተሰብሮ ጎኑን ሲነካ ያኔ ፊውዙ ይሄዳል።

ኮንታክት የሚመስል ግን ኮንታክት ያልሆነም አለ። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ፊውዙም ደህና ከሆነ፣ ችግሩ የኔጋቲቭ መመለሻው ነው። ኃይሉ በሻንሲ መመለስ አቅቶት በሌላ አምፖል በኩል መውጫ እየፈለገ ነው። የመብራቱን ቤት ማሰሪያ ብሎን ፈትቶ ዝገቱን መፋቅና መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህን ሳይለዩ ሽቦ መግፈፍ የጀመሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይለፋሉ።

አሁን ወደ ፍለጋው። በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ሁለት ሽቦ የተበየደለት ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል ያስገቡ። ኮንታክቱ ካለ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ይበራል፤ ኃይሉ ሁሉ በእሱ ስለሚያልፍ ከአንድ አምፔር ብዙም አይበልጥም፣ ሽቦውም አይግልም። ፊውዝ እየገዙ ከማቃጠል የሚሻለው ይህ ነው። በመስመሩ ላይ ደህና አምፖሎች ካሉ መሞከሪያው አምፖል በእነሱ ምክንያትም ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ስለሚችል፣ ቢቻል ቀድመው ያውጧቸው።

ከዚያ መስመሩን እየከፈሉ መሄድ ነው። ለምሳሌ የኋላ መብራት ፊውዝ ይቃጠላል እንበል። መጀመሪያ የተሳቢውን ሶኬት ይንቀሉ። መሞከሪያው ከጠፋ ጥፋቱ ተሳቢው ወይም ጥምዝምዙ ገመድ ውስጥ ነው፤ መኪናውን ይተዉት። ካልጠፋ ተሳቢውን ይተዉትና ከጋቢና ጀርባ ያለውን ማያያዣ ይፍቱ። አሁንም ካልጠፋ ጋቢናው ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ መንቀል የሚፈለገው ቦታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገፎ በዐይን መፈለግ ደግሞ ደህናውን ሽቦ መላጥን ያመጣል።

በተለመደው ባለ 7 እግር የተሳቢ ሶኬት 1 ነጩ ኔጋቲቭ፣ 2 ጥቁሩ የግራ የኋላ መብራት፣ 3 ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ 4 ቀዩ ፍሬን፣ 5 አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ 6 ቡኒው የቀኝ የኋላ መብራት ነው። ብዙ እጅ ባለፈበት ተሳቢ ቀለሙን አይመኑ፤ የእግሩን ቁጥር ይከተሉ። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ አምፖሎቹ ወጥተው፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ከ1 ወደ 2፣ ከ1 ወደ 6 ይለኩ። ወደ ዜሮ የተጠጋው እግር ኮንታክት ያለበት ነው። አምፖሎቹ ሳይወጡ ከተለካ የአምፖሉ ክር ራሱ ዝቅተኛ ቁጥር ሰጥቶ ያሳስታል።

ቦታው ከተለየ በኋላ ዐይን የሚያርፍባቸው ስፍራዎች የታወቁ ናቸው። ሽቦ በሻንሲ ቀዳዳ የሚያልፍበትና መከላከያ ላስቲኩ የደረቀበት፣ ጭስ ማውጫ አጠገብ፣ የካምቢዮው የኋላ ማርሽ ማብሪያ፣ የተሳቢው ገመድ ሲታጠፍ ከብረት የሚፋተግበት። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ኋላ የተጨመረውን ነው፤ ጋቢና ላይ የተደረደሩ የጌጥ መብራቶች፣ ቴፕ፣ ተጨማሪ ክላክስ። ብዙዎቹ ያለ ፊውዝ ካገኙት ሽቦ ላይ ተጠልፈው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮ ደግሞ ሙቀትና ጭቃ ሲፈራረቁበት ይላቀቃል። የተላጠውን ቆርጠው በአዲስ ሽቦ ይተኩ፣ መጋጠሚያውን ይበይዱ፣ ሽፋን ያልብሱት፣ ቀዳዳው ላይም ላስቲክ ያድርጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የሞተሪኖና የዲናሞ ወፍራም ሽቦዎች ፊውዝ የላቸውም። ወደ እነሱ እጅ ከመስደድ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ ቁልፍ ተንሸራቶ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም።

ሲጨርሱ መሞከሪያውን አውጥተው በፊውዝ ቤቱ ላይ የተጻፈውን አምፔር እንጂ የሚበልጥ ፊውዝ አይሰኩ። መብራቱን አብርተው ሽቦዎቹን በእጅ ይነቅንቁ፤ ሾፌሩም ኮረኮንች ላይ ይሞክረው። ባለንብረቶችም ትርፍ ፊውዞችና ሁለት ሽቦ የተበየደለት አንድ አምፖል ጋቢና ውስጥ አስቀምጡ፤ የኋላ መብራት የሌለው ተሳቢም በምሽት ከሶዶ እንዲወጣ አትፍቀዱ።