አንደኛ ምርጫ ላይ ምን ይጻፍ?

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ማመልከቻው ሲከፈት፣ አመሩድ ያሉ የጓደኞቼ ታናናሾች መደወል ይጀምራሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ሕክምናን አንደኛ ብጽፍ ነርሲንጉ ይቀርብኛል?»

አይቀርም። ግን ለምን እንደማይቀር ሳይገባቸው የሚሞሉ ብዙ ናቸው፤ አሜሪካ ካሉ ዘመዶች የሚመጣው ምክር ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል።

ኖርዌይ ውስጥ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ቅበላ የሚያልፈው «ሳምኦርድና ኦፕታክ» በሚባለው የጋራ ሥርዓት ነው። እስከ 10 ምርጫ በቅደም ተከተል ይጻፋል። የውጤታችሁ አማካይ በ10 ይባዛል፤ 4.3 ያለው 43 ነጥብ ይዞ ይገባል። ሥርዓቱ ከላይ ጀምሮ ይወርድና ነጥባችሁ የደረሰበትን የመጀመሪያውን ይሰጣችኋል። ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከሱ በላይ ባለው ደግሞ ተጠባባቂ ሆናችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ኦስሎሜት ነርሲንግን አንደኛ የጻፈና አምስተኛ የጻፈ፣ ነጥባቸው እኩል ከሆነ እኩል ይወዳደራሉ። ለታማኝነት የሚጨመር ነጥብ የለም።

ስለዚህ የሚጎዳው «አስተማማኙን» ከላይ መጻፍ ነው። አባት «እጅሽ ላይ ያለውን ያዢ» ስላሉ ብቻ ነርሲንግን ከሕክምና በላይ የጻፈች ልጅ፣ ነጥቧ ለሕክምና ቢበቃ እንኳ ሕክምናው አይደርሳትም። (በእርግጥ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርቶቹን ካልወሰደች ነጥብ ብቻውን አያስገባትም።)

ቨርጂኒያ ያሉት አክስቴ «ቀድመው ያመልክቱ፣ ቶሎ የወሰነ ይገባል» ይላሉ። እዚያ ላለ ልጅ ልክ ናቸው። በአሜሪካ «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው ኖቬምበር አካባቢ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚገባ ቃል ነው፤ ከተቀበሉህ ሌላውን ሁሉ ታነሣለህ። «ኧርሊ አክሽን» ግን አያስርም። ሃርቫርድ ቀደምት ቅበላን በ2006 እንደሚተው ያስታወቀው የተሻለ ዕድል ያለውን ተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ነበር፤ በ2011 መልሶ አመጣው። የገንዘብ እርዳታ የሚያስፈልገው ቤተሰብ በአሳሪው መንገድ ሲሄድ የኮሌጆችን እርዳታ የማወዳደር ዕድሉን ያጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የኮሌጁን የወጪ ማስሊያ ሞልቼ አያለሁ፤ እርዳታው ካልበቃ ከቃሉ መውጣት እንደሚቻልም ለወላጆች መንገር ያስፈልጋል።

እዚህ ግን «ቀድሞ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። መደበኛው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ከኖርዲክ አገሮች ውጭ ለተማረ፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ ለጨረሰ፣ ቀኑ ማርች 1 ነው። በሕመም ወይም በመሳሰለው ምክንያት ቀድሞ መልስ ለሚፈልግም እንዲሁ። «ኤፕሪል አለ» እያለ የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ለኛ ልጆች ዋናው ጥያቄ ዘንድሮ ልግባ ወይስ ዓመት ልጠብቅ የሚለው ይመስለኛል። ወላጆቻችን «ዓመት አይባክን» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ስሌቱም ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ነው። ግማሹ ቦታ የመጀመሪያ የምስክር ወረቀት ላላቸው የተያዘ ነው፤ ይህ እስከ 21 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ድረስ ብቻ ይሠራል። ውጤቱን በድጋሚ ፈተና ያሻሻለ በአዲሱ ውጤት የሚወዳደረው በመደበኛው ኮታ ነው። እዚያ ደግሞ የዕድሜ ነጥብ ይዘው የሚመጡ ትልልቆች ይጠብቁታል። ለሕክምና ግማሽ ነጥብ ለጎደለው መጠበቅ ያዋጣ ይሆናል፤ ለነርሲንግ ግን እኔ አልመክርም። የነጥቡ ደንብ በመቀየር ላይ ስለሆነ የዓመታችሁን አንብቡ።

በቅርቡ አብረን የሞላነው የጎረቤታችን ልጅ ዝርዝር እንዲህ ነው፦ ሕክምና ኦስሎ፣ ሕክምና በርገን፣ ነርሲንግ ኦስሎሜት፣ ነርሲንግ ሎቪሰንበርግ፣ ነርሲንግ ፍሬድሪክስታድ። እናቷ በርገንን አልወደዱትም፤ «ማን ያበስልላታል?» ብለዋል። ቅደም ተከተሉን እስከ ጁላይ 1 መቀየር ስለሚቻል ክርክሩ ገና አልተዘጋም። መልሱ ጁላይ 20 ይመጣል።