ማጭዱን ከማንሳትሽ በፊት ስሚኝ

ዘንድሮ ይፋት ውስጥ ማጀቴ ወርደሽ ሣር ልታጭጂ ነው አሉ፤ እሰይ። ግን እታለም፣ አሥሩንም ጣትሽን ይዘሽ እንድትመለሺልኝ ስለምፈልግ ትንሽ ልጨቀጭቅሽ ነው፤ ቻይኝ።

ማጭዱን ራስሽ ምረጪ። ለእንግዳ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከቤት ውስጥ የተረፈው ነው። እጀታውን ጨብጠሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ ብረቱ ከተወዛወዘ «ሌላ የለም ወይ?» በይ፣ አትፈሪ። ስለቱንም እይው። እጅ የሚቆርጠው ደነዙ ማጭድ ነው፤ ጉልበት ስለሚያስጨምርሽ ድንገት ያመልጥሻል። ሞረድ ከጎንሽ አይጥፋ። ስትሞርጂም ከእጀታው ጀምረሽ ወደ ጫፉ ሂጂ፣ ሳትቸኩዪ።

በአውሮፓ ተራራማ አገሮች ሰው ቆሞ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ማጭድ በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ሲያጭድ አይተሽ ይሆናል፤ ያምራል፣ ወገብም አያጎብጥም። ያ ግን ድንጋይ ለሌለበት ሰፊ መስክ ነው። የኛ ሣር ያለው በእርከን ላይ፣ በማሽላው ዳር፣ በድንጋይ መሀል ነው። ስለዚህ ጎንበስ በይ፤ ሲደክምሽ ቁጢጥ በይ፣ ደግሞ ተነሽ። ወገብሽን አንድ ቦታ ላይ አታቆይው።

አሁን ዋናው መጣ። ሁሉም ሰው ቀኝ እጁን ያስባል፤ አንቺ ግራሽን አስቢ። ማጨድ የሚለመደው በግራ እጅ ነው። አንድ ጭብጥ ሣር ብቻ ያዢ፣ አትስገብገቢ፤ እጅሽ ከሞላ ጣቶችሽ ወደ ውጭ ይበተናሉ፣ ማጭዱም ያገኛቸዋል። የያዝሽበት ቦታ ከምትቆርጪበት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ጭብጡን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርገሽ ወጥሪው፤ ማጭዱን ከኋላው አዙረሽ ከሥሩ ላይ ሳቢው። ሳቢው እንጂ አትምቺው፣ ሆዴ! እንጨት እየፈለጥሽ አይደለም። ግራ እግርሽም ከስለቱ መንገድ ኋላ ይቁም። ግራ ከገባሽ ከጎንሽ ያሉትን ሽማግሌ «አባባ፣ እስቲ ያሳዩኝ» በያቸው፤ ደስ እያላቸው ያሳዩሻል።

መሬቱን አትላጪው። አራት ጣት ያህል ቁመት ተዪለት፤ ሥሩ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ፣ አፈሩም ራቁቱን እንዳይቀር።

ሣር የሚታጨድበት ቀን ሲባል ብዙ ሰው ረጅሙን ሣር ይጠብቃል። አንቺ አበባውን ጠብቂ። ማበብ ሲጀምር እጨጂው፤ ዘሩን ካራገፈ በኋላ የቀረው አገዳ ነው፣ ላሟ ብታኝከውም የሚጠቅማት ጥቂት ነው። ክምሩ ቢተልቅም አትታለዪ። በቆላው ዝናቡ ሲቆም ሣሩ ቶሎ ይደርቃልና ከደጋዎቹ ቀድመሽ ተነሽ። ጠዋት ጤዛ ሳለ ማጨድ ይቀላል፤ ያጨድሽውን ግን ወዲያው አትከምሪ። ስስ አድርገሽ ዘርጊው፣ በማግስቱ ገልብጪው፣ ስትጠመዝዢው እርጥበት ካልተሰማሽ ያኔ ከምሪ። እርጥብ ሣር ክምር ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ አንዳንዴም ከራሱ ሙቀት እሳት ይነሳበታል። ከሥሩ ድንጋይና እንጨት ደርድሪበት፣ አናቱንም ውኃ እንዳይገባው አሹዪው።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ በከንቱ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ይኸው አንቺ የምትወርጂበት የአንጾኪያ ሸለቆ ነበር። ዝናብ ሲዛባ መጀመሪያ የሚወድቀው ከብቱ ነው፤ ከብቱ ከወደቀ በሬ የለም፣ ወተት የለም፣ ሰውም ይከተላል። በግንቦት ላሟ ፊት የምታስቀምጪው ነዶ ዛሬ በእጅሽ ያለው ነው።

የተከለለ ተራራ ካለ ደግሞ ቀኑ ሳይቆረጥ አትግቢ፤ ለአንድ ጭብጥም ቢሆን። ከኛ በላይ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቁት እንዲህ ነው፦ ለዓመታት ዘግተውት ይቆዩ ነበር፣ ሲፈቀድ አብረው ገብተው ያጭዱ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ዛሬም ጓሳን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ከልካዩን ጎረቤት አትቀየሚው፣ ያንቺንም ድርሻ ነው የሚጠብቀው።

ቅንጨ አረም ስታዪ ሣሩ ውስጥ አትቀላቅዪው። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ ባዶ እጅሽን ከነካው ቆዳሽ ሊያሳክክና ሊቆጣ ይችላል። እጅሽን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍነሽ፣ ሳያብብ ከነሥሩ ነቅለሽ ለብቻው አስወግጂው።

ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ እጅሽን ከመክተትሽ በፊት በበትር ደብደብ አድርጊ፤ እፉኝት ሰው ሲመጣ ፈጥና አትሸሽም። ጫማ አድርጊ፣ ሸበጥ ሳይሆን ድፍን ጫማ። እባብ ከነደፈሽ ግን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማነቅ የለም፤ የተነደፈውን አካል ሳታንቀሳቅሺ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያድርሱሽ። ማጭድ ከቆረጠሽም በአፈር ወይም በቡና አትድፈኚው። በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቢው፣ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ደሙን አቁሚ፣ ከዚያ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቂ። «ትንሽ ናት» አትበዪኝ።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ጥላ ውስጥ ግቢ፤ የይፋት ቆላ ጀግና አይፈትንም፣ ያደክማል እንጂ። ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ። ማታም አጎበር ውስጥ ተኚ፣ ወባው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ በአጨዳው ወራት ነው።

ወንፈል ከገባሽ ከፊተኛው ጋር አትፎካከሪ። ሲዘፈን አብረሽ ተቀበይ፣ እጅሽ ግን በራሱ ልክ ይሂድ። ከጎንሽ ካለው አጫጅ ክንድሽን ሙሉ ብትዘረጊ የማትነኪው ርቀት ላይ ቁሚ። የሰው ወንፈል ከበላሽ ደግሞ ተራው ሲደርስ እንዳትቀሪ፣ የኔ ቆንጆ፤ ያንቺ ቀን ሲመጣ ማንም አይመጣልሽም።

ስትመለሺ ማጭዱን ስለቱን በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ፤ ለሰው ስታቀብዪም እጀታውን አስቀድሚ። ቤት ስትደርሺ ጠርገሽ ልጆች ከማይደርሱበት ግድግዳ ላይ ስቀዪው።