ብልጭ ድርግም የሚል የመኪና የፊት መብራት፦ አዲስ አምፖል ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ



በገጠር አጥቢያ ወይም በልማት ጣቢያ ያለ አንድ ተሽከርካሪ የብዙዎች አገልጋይ ነው። የምርጥ ዘር ያደርሳል፤ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ያመላልሳል፤ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ስለዚህም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በመንገድ ላይ መገኘቱ አይቀርም። በዚያው መንገድ እግረኛው፣ ከብቱ፣ የተጫነው አህያና መብራት የሌለው ጋሪ አብረውት ይጓዛሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መብራቱ ለዚያች አንድ ሴኮንድ ቢጠፋ ሾፌሩ ያንን ርቀት በጭፍን አለፈ ማለት ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተሽከርካሪዎች ከፋብሪካ የመጡበት የሃሎጅን አምፖል እየወጣ ከገበያ የተገዛ የኤል ኢ ዲ አምፖል ይገጠምላቸዋል። ከገጠማ በኋላ መብራቱ መርገብገብ ሲጀምር የተለመደው መፍትሔ ሌላ አምፖል መግዛት ነው። ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ሲርገበገብ ሦስተኛ ይገዛል። በዚህ መንገድ የምእመናን ገንዘብ ይባክናል፤ ችግሩም በነበረበት ይቆያል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ኮሚቴው፣ ሾፌሩና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው መንስኤውን በቅደም ተከተል እንዲፈልጉ መርዳት ነው።

፩. የሁለቱ አምፖሎች ጠባይ

የሃሎጅን አምፖል በውስጡ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ሲግል ያበራል። በብዙ መኪናዎች የሚገኘው ኤች 4 የተባለው ዓይነት ለአጭር መብራት 55 ዋት፣ ለረጅም መብራት 60 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ4.5 እስከ 5 አምፔር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ፍሰቱ ለቅጽበት ቢቋረጥ የጋለው ሽቦ ወዲያው አይቀዘቅዝምና ዓይን መቋረጡን አያስተውልም።

ኤል ኢ ዲ ግን የሚግል ሽቦ የለውም። ፍሰቱ ሲቋረጥ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ሲመለስም በዚያው ቅጽበት ይበራል። ከዚህም ሌላ ፍሰቱን የሚመጥን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ወይም ራሱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሥራው ይቆራረጣል።

እንግዲህ ሃሎጅኑ ለዓመታት ሸፍኖት የኖረውን የላላ ሽቦ፣ የዛገ ማያያዣ ወይም የደከመ ዲናሞ ኤል ኢ ዲው በአንድ ቀን ያጋልጠዋል። ስለዚህ መብራቱ ሲርገበገብ ጥፋቱ የአዲሱ አምፖል ነው ብሎ አስቀድሞ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

፪. አስቀድሞ ምልክቱን ማስተዋል

መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩ የሚከተሉትን አይቶ በጽሑፍ ያስፍር።

• የሚርገበገበው አንዱ ብቻ ከሆነ፦ መንስኤው በዚያ ወገን ባለው አምፖል፣ ሶኬት ወይም ሽቦ ላይ ሊሆን ይችላል።
• ሁለቱም በአንድነት የሚርገበገቡ ከሆነ፦ የጋራ ምንጫቸው ይመርመር፤ ባትሪው፣ ዲናሞው፣ ማብሪያው ወይም ሪሌው ማለት ነው።
• መኪናው ሲነጥር ብቻ የሚታይ ከሆነ፦ የላላ ማያያዣ አለ።
• ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ የሚረጋ፣ ሞተሩ ሲነሣ የሚርገበገብ ከሆነ፦ ወደ ዲናሞው ያመለክታል።
• ለጥቂት ደቂቃዎች ደኅና በርቶ ቆይቶ የሚጀምር ከሆነ፦ የአምፖሉ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ቆሟል፤ ወይም ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።
• ሳያቋርጥ በእኩል ምት የሚርገበገብ ከሆነ፦ በተለይ በአዳዲስ መኪናዎች የመኪናው ኮምፒዩተር ከሚልከው የተቆራረጠ ፍሰት ጋር አምፖሉ አልተስማማም።

፫. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ ጥንቃቄ ይቅደም። አምፖል ሲወጣና ሲገባ ሞተሩና መብራቱ ይጥፉ፤ የጋለው አምፖልም እስኪበርድ ይጠበቅ። የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆ በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ቅባት ዕድሜውን ያሳጥራልና። የተገጠመው ዜኖን ከሆነ ግን ማስነሻው ብዙ ሺህ ቮልት ስለሚያመነጭ ለባለሙያ ብቻ ይተው።

አንደኛ፦ የቀኙን አምፖል ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር። መርገብገቡ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። በነበረበት ወገን ከቀረ የሽቦው ወይም የሶኬቱ ነው። ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም፤ ከግዢ ሁሉ በፊት መደረግ አለበት።

ሁለተኛ፦ ነባሩን የሃሎጅን አምፖል መልሶ መግጠም። ሃሎጅኑም ከደበዘዘ ወይም ከተርገበገበ የመኪናው መስመር ታሟል። ሃሎጅኑ ረግቶ ከበራ ግን መስመሩ ጤነኛ ነው ለማለት ገና ነው፤ ከላይ እንደተገለጸው አጫጭር መቋረጦችን ይሸፍናልና። ወደ ልኬት መሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ሶኬቱንና ማሳውን ማየት። ማሳ የሚባለው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው መስመር ነው። ሶኬቱ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ከሆነ ይለወጥ። ማሳው የታሰረበት ብሎን ይፈታ፤ ቀለሙና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ ተመልሶም ይጥበቅ። የባትሪው ማያያዣዎችም እንዲሁ ይጽዱ።

አራተኛ፦ በቴስተር መለካት። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየና የተሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ይሆናል። ቀጥሎ ሃሎጅኑ እየበራ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ፖዘቲቭ ጫፍ ይለካ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ በመካከል የሚባክን አለ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ አምፖሉ ማሳ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደክሟል። ይህ ልኬት በሃሎጅን እንዲደረግ የተመከረው ብዙ ፍሰት ስለሚስብ የመስመሩን ድካም አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው፤ 5 አምፔር በ0.2 ኦም ዝገት ውስጥ ሲያልፍ 1 ቮልት ይጠፋል።

አምስተኛ፦ ዲናሞውን መፈተን። ቴስተሩ በተለዋዋጭ ፍሰት መለኪያው ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በባትሪው ላይ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የዲናሞው ዳዮድ ሳይበላሽ አልቀረም። ይህ ሳይጠገን ቢቆይ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ይጎዳል።

፬. ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው በብዙ ነባር የቶዮታ መኪናዎች፣ ላንድክሩዘርን ጨምሮ፣ የሚገኘው አሠራር ነው። በተለመደው አሠራር የኤች 4 የጋራ እግር ማሳ ሲሆን ማብሪያው ፖዘቲቩን ይቆጣጠራል። በእነዚህ መኪናዎች ግን የጋራው እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ማብሪያው የሚቆጣጠረውም ማሳውን ነው። ለተለመደው ብቻ የተሠራ የኤል ኢ ዲ አምፖል በእነርሱ ላይ ላይበራ፣ አጭርና ረጅሙን ሊያደባልቅ ወይም ሊርገበገብ ይችላል። በእነዚህ መኪናዎች የማሳው ልኬት የማብሪያውንም ብክነት ስለሚጨምር ባለሙያው ይህን አስቦ ያንብበው። ሲገዛም አምፖሉ ለሁለቱም አሠራር የሚሆን መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሁለተኛው የቮልት ልዩነት ነው። ትላልቅ የጭነት መኪናዎችና አንዳንድ አውቶቡሶች 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፖል በእነርሱ ላይ ይቃጠላል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሳይነበብ አይገዛ።

ሦስተኛው ሬሲስተር ነው። በኮምፒዩተር በሚመሩ መኪናዎች መርገብገቡን ለማስቆም አንዳንድ ባለሙያዎች 6 ኦም ሬሲስተር ይጨምራሉ። ይህ ዕቃ በ13.5 ቮልት 30 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ከፕላስቲክና ከሽቦ ርቆ በብረት ላይ ካልታሰረ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በነባር መኪናዎች ላይ ደግሞ መድኃኒቱ እርሱ አይደለም። የሽቦው መስመር ከደከመ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው፣ በሪሌ የሚሠራ አዲስ መስመር መዘርጋት የሚጸና ጥገና ነው።

፭. መርገብገቡ ከቆመ በኋላ

መብራቱ ረጋ ማለት ለመንገድ በቃ ማለት አይደለም። ለሃሎጅን የተሠራ የመብራት ቤት የኤል ኢ ዲን ብርሃን ሊበትነውና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ ይቁም፤ የአምፖሉ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ በግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበት፤ አጭር መብራቱም ይብራ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በግልጽ መታየት አለበት። ከፍ ካለ በማስተካከያው ብሎን ዝቅ ይደረግ። ጠርዙ ጨርሶ የማይለይ ከሆነ ግን ነባሩ ሃሎጅን ተመልሶ ይገጠም። ደንቡን ጠብቆ የሚያበራ ሃሎጅን፣ ሌላውን መንገደኛ ከሚያሳውር ደማቅ መብራት ይሻላል።

፮. የኮሚቴው ድርሻ

ሀ. የፊት መብራቱ የሚቆራረጥ ተሽከርካሪ እስኪጠገን ድረስ በሌሊት እንዳይሰማራ ይወሰን። አስቸኳይ ሕመምተኛ ቢያጋጥም በማን መኪና እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታሰብበት።
ለ. ከመኪናው የወጣ ደኅና የሃሎጅን አምፖል አይጣል፤ በሣጥኑ ሆኖ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። መጠባበቂያም መፈተኛም ነው።
ሐ. ጋራዡ «አምፖል ተለወጠ» ብሎ ብቻ ደረሰኝ እንዳይሰጥ፣ ምን ተለክቶ ምን እንደተገኘ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠየቅ።
መ. ሾፌሩ «መብራቱ ይቆራረጣል» ብሎ ሲያመለክት ቃሉ በመዝገብ ይስፈር፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም ይቆረጥለት። በጨለማ መሪውን የሚይዘው እርሱ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአጥቢያችን ተሽከርካሪ 12 ቮልት ነው ወይስ 24? ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ነው ወይስ ማሳውን?
2. ባለፈው ዓመት ለአምፖል ያወጣነው ስንት ነው? ከእያንዳንዱ ግዢ በፊት ምርመራ ተደርጎ ነበርን?
3. የግድግዳውን ፈተና ማን፣ በየስንት ጊዜው ያከናውናል?
4. ሾፌሩ መብራቱ ስለሚቆራረጥ በሌሊት አልሄድም ቢል ኮሚቴው ምን ይመልስለታል?