ከመኪናው ወጥቶ ስለሚሠራ የናፍጣ ሞተር

የጭነት መኪና ሞተር ከመኪናው ወጥቶ ብቻውን ሊሠራ ይችላል። ይህም የሚደረገው ታድሶ ከመመለሱ በፊት ለመፈተን፥ ወይም የእህል ወፍጮ ለማዞር ነው። ዳሩ ግን ሞተሩ ከመኪናው በተለየ ጊዜ ማሰሪያውን፥ ማቀዝቀዣውን፥ የጢስ መውጫውንና ነጂው የሚያጠፋበትን መሣሪያ ሁሉ ያጣል። ስለዚህ ማጥፊያው ሳይዘጋጅ ማስነሣት አይገባም።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ስለሚሠራ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ግን፥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ሠርቶ እንዳሳየው፥ ብልጭታ አያስፈልገውም። አየር በሲሊንደር ውስጥ ወደ 16ኛ እጁ ሲታመቅ ሙቀቱ 500 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ በዚያ ላይ የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ማጥፊያው የእጅ ዘንግ በሆነ ሞተር ባትሪውን መንቀል አይጠቅምም፤ የሚያጠፋው ናፍጣውን ወይም አየሩን መከልከል ነው።

ከማስነሣት በፊትና በኋላ የሚጠበቀው ሥርዐት ይህ ነው።

1ኛ፤ ሞተሩ በከባድ የብረት መቆሚያ ላይ በቡሎን ይታሰር። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ጎኑ ለመገልበጥ ይታገላልና በድንጋይ ማስደገፍ አይበቃም።

2ኛ፤ የቆመ ሞተር የመንገድ ነፋስ አያገኝምና ራዲያተሩ ከቬንትሌተሩ ፊት ይተከል፤ ውሃም ይሞላ። እንደ ጋለ ክዳኑ አይከፈት።

3ኛ፤ ናፍጣው ንጹሕ ሆኖ በፍልትሮ ይለፍ። በቧንቧው የቀረው አየር ይውጣ፤ አለዚያ ሞተሩ አይነሣም።

4ኛ፤ ጢሱ በቧንቧ ከቤት ውጭ ይውጣ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

5ኛ፤ የዘይት ግፊት መለኪያው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ካልተነሣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

አንዳንድ ጊዜ ናፍጣው ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየሳበ ይሠራል፤ ፍጥነቱም እየባሰ ሄዶ ይሰባበራል። መድኀኒቱ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ መድፈን ነው። እጅንና ጨርቅን ግን ይስባልና በእነዚህ መድፈን አይገባም። ጣውላው አስቀድሞ ተለክቶ በአጠገቡ ይቀመጥ።

ወደ ወፍጮ ቤት እህል ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። የነጠላ ጫፍ በቺንጊያ ከተያዘ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቺንጊያው በአጥር ይከለል፤ የአገር ሽማግሎችም ሞተር በመንደራቸው ሲተከል ማጥፊያው የት እንደ ሆነ፥ ማንስ እንደሚያውቀው አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፤ የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራው ስለ ምንድን ነው? ናፍጣው ተቋርጦ ሞተሩ ባይጠፋ ምን ይደረጋል?