ከወረቀት ወደ ቴሌቪዥን፥ ከቴሌቪዥንም ወደ ወረቀት

ስለ አንድ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ለመጻፍ መነሣቴን ስታዩ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው እንጂ ምኑ ይጠናል?» የምትሉ አትጠፉም። ጥቂት ብትታገሡኝ የምመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በቴሌቪዥን የታየ ታሪክ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ የሚጎድለው ምንድን ነው? ወረቀቱስ ከራሱ የሚጨምረው ነገር አለን?

አስቀድሜ ኮሚክ የሚባለውን ነገር ለማያውቁ ላስረዳ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የሚተርከውን ያገራችንን ሥዕል ያየ ሰው የኮሚክን አሠራር ግማሹን ያውቀዋል። በአንዱ ማዕዘን ንግሥቲቱ ለጕዞ ትነሣለች፤ በሌላው ከሰሎሞን ፊት ቆማለች። በመካከሉ ያለውን መንገድ የሚጓዘው የተመልካቹ አሳብ ነው። ኮሚክም እንዲሁ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ቃል ግን ካፋቸው አጠገብ በተከበበ ነጭ ቦታ ውስጥ ይጻፋል።

ባትማን ማለት የሌሊት ወፍ ሰው ማለት ሲሆን በአሜሪካ አገር ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ፈጥረውት በ1939 ዓ.ም. የወጣ የኮሚክ ጀግና ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ቀን ብሩስ ዌይን የሚባል ባለጠጋ ነው፤ ሌሊት ጭምብል አድርጎ ጎተም በምትባለው ከተማ ወንበዴ ያሳድዳል። እንደ ሌሎቹ የኮሚክ ኃያላን መብረር አይችልም፤ ያለው ብልሃትና ብርታት ብቻ ነው፤ ገንዘቡም ሳይረሳ።

በ1992 ብሩስ ቲምና ኤሪክ ራዶምስኪ ይህንኑ ጀግና ለቴሌቪዥን በካርቱን ፊልም አዘጋጁት። የጎተም ጨለማ እውነተኛ ጨለማ እንዲመስል የከተማይቱ ሥዕል በነጭ ሳይሆን በጥቍር ወረቀት ላይ ይቀባ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሲ የተባለው አሳታሚ ፊልሙን ተከትሎ «ዘ ባትማን አድቬንቸርስ» የሚል መጽሔት ማውጣት ጀመረ፤ እስከ 1995 ድረስም 36 ቍጥር ታተመ። እንግዲህ ከወረቀት የተወለደው ሰው በቴሌቪዥን በኩል ዞሮ ወደ ወረቀት ተመለሰ ማለት ነው።

የጎደለው ግልጽ ነው፤ ድምፅ ነው። በፊልሙ ኬቪን ኮንሮይ ለብሩስ ዌይን አንድ፥ ለባትማን ሌላ ድምፅ ያወጣ ነበር። ጆከር የተባለውን ክፉ ቀልደኛ ማርክ ሃሚል ሆኖ ሲሥቅ የሰማ ሰው፥ ያው ሣቅ «ሃ ሃ ሃ» ተብሎ ተጽፎ ሲያየው ጨው የሌለው ወጥ ይሆንበታል።

ነገር ግን ከቍጥር 7 ጀምሮ የመጽሔቱ ሠዓሊ የሆነውን የማይክ ፓሮቤክን ሥራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ለአንድ ሴኮንድ ፊልም እስከ 24 ሥዕል ስለሚያስፈልግ የካርቱን ሠዓሊ ትርፍ የሆነውን መሥመር ሁሉ ይቀንሳል። ለወረቀት ይህ ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የጀግና ኮሚኮች ጡንቻውንም ጥላውንም በመሥመር ያጨናንቁት ነበር። ፓሮቤክ ግን የፊልሙን ቍጠባ ጠበቀ፤ ድምፅ ይሠራው የነበረውንም ሥራ ለአካል አቋም ሰጠው። ጥቂት መሥመር ቀላል ይመስላል፤ እርሳስ ይዞ ለመገልበጥ የሞከረ ግን ችግሩን ያውቃል፤ የጠመመውን መሥመር የሚሸሽግ ሌላ መሥመር የለምና። ይህ ሠዓሊ በ1996 ገና በወጣትነቱ ዐረፈ።

ወረቀት የሚጨምረውን ነገር የተረዳሁት ግን በ1994 ከወጣው «ማድ ላቭ» ከተባለው ልዩ እትም ነው። የጻፈው ፖል ዲኒ፥ የሣለውም ብሩስ ቲም ሲሆን የአይስነርን ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኳ ሃርሊ ክዊን በቀድሞዎቹ ኮሚኮች ያልነበረች፥ በ1992 በፊልሙ ውስጥ የተፈጠረች ሴት ናት።

ሃርሊ አስቀድሞ የአእምሮ ሐኪም ነበረች። ጆከር በታሰረበት በአርካም ሆስፒታል ስታክመው፥ አባቱ እንዴት ይደበድበው እንደ ነበረና አንድ ጊዜ ብቻ ሰርከስ ወስዶት ሲሥቅ እንዳየው ያጫውታታል። እርስዋም አዘነችለት፤ ኀዘኑ ፍቅር ሆነ፤ ሥራዋንና ስሟን ጥላ ከእስር አስመለጠችው። በኋላ ባትማንን ብቻዋን ይዛ ለጆከር ልታበረክት ስትል፥ የታሰረው ባትማን ይሥቅባትና ያንን የአባት ታሪክ ጆከር ለሌላም ሰው መናገሩን ይገልጥላታል፤ ለዚያኛው ግን ሰርከሱ የበረዶ ላይ ትርኢት ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥሁ። ጆከር ታሪኩን ሲያወራ የሚታይበት ሥዕል ያው ነው፤ አንድ መሥመር አልተለወጠም። በመጀመሪያ ያዘነ ሰው መስሎኝ የነበረው ፊት አሁን የቀጣፊ ፊት ሆነብኝ። ፊልምንም መመለስ ይቻላል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ሁለቱን ገጾች በሁለት ጣት ይዞ ጎን ለጎን ማስተያየት ግን የወረቀት ዕድል ነው።

ጆከር መጥቶ በደስታ ፈንታ ተቈጥቶ በመስኮት ይገፈትራታል። ሃርሊ አጥንቷ ተሰባብሮ በተኛችበት አልጋ ሁለተኛ እንደማትመለስ ስትወስን፥ ከጎኗ አንድ አበባና ከእርሱ የተላከ ጥቂት ቃል ታያለች፤ ፈገግም ትላለች። ወላጆች ሆይ፥ ይህን ለታናናሾቻችን አልመክርም። ለእኛ ለትልልቆቹ ግን «ቢመታኝም ይወደኛል» የሚለው ነገር ከአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ ብቻ የሚሰማ አይደለምና፥ በክፍል ውስጥ ብንነጋገርበት መልካም ይመስለኛል።

በ1999 ይኸው ታሪክ ተመልሶ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ፤ ሃርሊም በዚያው ዓመት በዋናው የባትማን ኮሚክ ውስጥ ገባች። በፊልሙ የሃርሊ ፈገግታ ለጥቂት ሴኮንድ ታይቶ ያልፋል። በመጽሔቱ ግን አንባቢው ራሱ ገጹን እስኪዘጋው ድረስ ፈገግ እንዳለች ትቈያለች።