ስድስት ጉልበተኛ ቡድን አይሆንም፦ በፖክሞን አጥቂ ቡድን እንዴት ይሠራል?

በዚህ እትም ስለ አንድ ጌም ልጽፍላችሁ ነው። የክበባችን ተጠሪ መምህር መጀመሪያ ሲሰሙ «ጌም ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» አሉኝ። ሂሳቡን በደብተሬ ላይ ሳሳያቸው ግን «እሺ፣ ለማያውቀው ሰውም እንዲገባ አድርገህ ጻፍ» ብለው ፈቀዱልኝ። ስለዚህ ጌሙን የማታውቁት አትለፉት፤ የምታውቁት ደግሞ መጀመሪያውን ትንሽ ታገሡኝ።

የክፍሌ ልጆች ተቃውሞ ሌላ ነው። ከፈተና በኋላ ከስምንተኛ ክፍሎች ጋር በፖክሞን ለመጋጠም ተቀጣጥረናል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ገጥመውን ሁለቱንም አሸንፈውናል። «እቅዳችንን መጽሔት ላይ ካወጣኸው አንብበው ይዘጋጁብናል» ይሉኛል። ያንብቡት። እኔ እንዲያውም እቅዱ የሚፈርስበትንም መንገድ ከታች እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚፈርስበትን የማናውቅ ከሆነ እኛም አናውቀውም ማለት ነው።

ፖክሞን ማለት «የኪስ ጭራቆች» ማለት ነው። የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ልጅ እያለ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ ጌሙም የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ያኔ 151 ጭራቆች ነበሩ፤ አሁን ከ1000 በላይ ደርሰዋል። እኛ በስልክ የምንጫወተው ኤመራልድ የሚባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን የወጣ የቆየ ጌም ነው። (ኤመራልድ በመጽሐፍ ቅዱስ መረግድ የተባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው።) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ ከስልክ ወደ ስልክ ይላላካል። ለግጥሚያ ሁለት ስልክ በብሉቱዝ ይገናኛል። ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ስለማይፈቀድ ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢ ውጭ ነው፤ እሱም መብራት ኖሮ ቻርጅ ካደረግን።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ጭራቅ ይይዛል። ሜዳ ላይ የሚቆመው ግን አንድ በአንድ ነው። እያንዳንዱ ጭራቅ አራት ዓይነት ምት ብቻ ያውቃል። በየዙሩ ሁለቱም ተጫዋቾች ያዝዛሉ፤ ፈጣኑ ቀድሞ ይመታል። ስድስቱም የወደቁበት ተሸነፈ ማለት ነው። ከምት ይልቅ መቀየርም ይቻላል፤ ነገር ግን የቀየረ ያንን ዙር አይመታም፣ የገባውም ይመታል።

በኤመራልድ 17 ዓይነት ባሕርይ አለ፤ እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ ድንጋይ፣ ብረት እያለ ይቀጥላል። ውሃ እሳትን ሲመታ ጉዳቱ 2 እጥፍ ይሆናል። እሳት ውሃን ሲመታ ግማሽ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ መሬትን ሲመታ ዜሮ! አንዳንድ ጭራቅ ደግሞ ሁለት ባሕርይ አለው፤ ሁለቱም ለአንድ ነገር ደካማ ከሆኑ 2 × 2 = 4 እጥፍ ይጎዳል። በተጨማሪ ጭራቁ የራሱን ባሕርይ የሆነ ምት ሲመታ 1.5 ይባዛለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኞቻችን «አጥቂ ቡድን» ሲባል በጣም ጉልበተኛ የሆኑ ስድስት ጭራቆችን ሰብስበን ሁሉንም ትልቁን ምት እናስተምራቸዋለን። ለምሳሌ ሃይፐር ቢም የሚባለውን። ጉልበቱ 150 ነው፤ ሲታይ ያስፈራል። ግን ከመታ በኋላ በሚቀጥለው ዙር ቆሞ ያርፋል። በ10 ዙር የሚመታው 5 ጊዜ ነው፤ አንዱንም ባይስት እንኳ 5 × 150 = 750። ሰርፍ የሚባለው የውሃ ምት ጉልበቱ 95 ብቻ ነው፤ ግን አይስትም አያርፍምም፤ በ10 ዙር 950 ይሆናል። ነጎድጓድ የሚያወርደው ተንደር 120 ነው፤ ከ10 ውስጥ የሚያገኘው ግን 7ቱ ነው፤ 840። ተንደርቦልት የሚባለው ትንሹ መብረቅ 95 ሆኖ 10ሩንም ያገኛል፤ 950። ይህን ሂሳብ ነው ለመምህራችን ያሳየኋቸው። አንድ ብቻ የሚያከራክር አለ፤ ሃይድሮ ፐምፕ 120 ሆኖ 8ቱን ስለሚያገኝ 960 ይመጣል፤ ከሰርፍ በ10 ይበልጣል። እኔ ግን አሁንም ሰርፍ ነው የምይዘው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ግጥሚያ ላይ 10 ዙር አይሰጥህም፤ የሳትከው አንድ ምት የመጨረሻህ ሊሆን ይችላል።

የበለጠው ችግር ግን ጉልበተኞቹ ብዙውን ጊዜ ዘገምተኛ መሆናቸው ነው። የጅሩ ሰንጋ አይታችሁ የለ? ጉልበቱን ማንም አይክደውም፤ ግን ከፈረስ ጋር ሩጫ አታስገቡትም። ስድስት ሰንጋ የያዘ ተጫዋች ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የሚመታው። ሳይመታ የሚወድቅም አለው።

እንግዲህ አጥቂ ቡድን የሚሠራው ከመምታቱ በፊት ነው። ይህን ለማስረዳት የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ላንሳ። የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አሁን ቼዝ ከምንለው ጋር ዘመድ ነው፤ ግን አጀማመሩ ይለያል። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይሆናል። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ስለዚህ ጨዋታ ጽፈዋል። እኔን የገረመኝ፣ በወረራ ጊዜ ማንም አይሞትም፤ ግን በወረራው ቦታውን ያበላሸ ሰው ገና ውጊያው ሳይጀመር ተጎድቷል። በፖክሞንም እንደዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የኛ ወረራ ናቸው።

ወረራውን የምትሠራልን ኒንጃስክ ናት። ክንፍ ያላት ትንሽ ነፍሳት ነች። በክፍላችን አንዲት ልጅ ይዛት ስትመጣ ሁሉም ስቆ ነበር፤ «ዝንብ ይዘሽ መጣሽ» ብለዋት። ከዚያ በተከታታይ አራት ወንዶችን አሸነፈች፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ኒንጃስክ የምትገኘው ከኒንካዳ ነው፤ ኒንካዳን በመንገድ 116 ላይ ይዛችሁ ሌቭል 20 ስታደርሷት ትለወጣለች። (ያን ጊዜ ከስድስቱ አንድ ቦታ ባዶ ካለ ቅርፊቷ ራሱ ሌላ ጭራቅ ሆኖ ይገባል፤ ሼዲንጃ ይባላል፣ ሕይወቱ ሁልጊዜ 1 ብቻ ነው። ይሄ ለሌላ እትም ይቆየን።)

ኒንጃስክ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ፍጥነቷ በራሱ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ሲጨምር 1.5፣ ሁለተኛ ሲጨምር 2 እጥፍ ይሆናል። ልብ በሉ፣ 1.5 × 1.5 = 2.25 አይደለም፤ ጌሙ የራሱ ደረጃ አለው። በአንደኛው ዙር ፕሮቴክት ታዛላችሁ፤ ትከለላለች፣ ማንም አይነካትም፣ ፍጥነቷ ግን ጨመረ። በሁለተኛው ዙር ሶርድስ ዳንስ፣ ማለትም የሰይፍ ጭፈራ፤ የመምታት ጉልበቷ 2 እጥፍ ሆነ፣ ፍጥነቷም 2 እጥፍ ደረሰ። ራሷ ግን አትመታም! በሦስተኛው ዙር ቤተን ፓስ ታዛላችሁ። ይህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የምንሮጠው ዱላ ቅብብል ነው። ኒንጃስክ ትወጣለች፣ የሰበሰበችውን በሙሉ ለሚገባው ታቀብለዋለች።

የሚቀበለው ሜታግሮስ ነው። ሜታግሮስ የብረት ጭራቅ ነው፣ አራት እግር አለው። የመምታት ነጥቡ 135፣ ፍጥነቱ ግን 70 ብቻ። ሰንጋው እሱ ነው ማለት ነው። አሁን ግን ጉልበቱም ፍጥነቱም 2 እጥፍ ሆኖ ገባ። ሜትዮር ማሽ የሚባለው የብረት ምቱ 100 ነው። የራሱ ባሕርይ ስለሆነ × 1.5፣ ጉልበቱ ስለጨመረ × 2፣ ከፊቱ ያለው የድንጋይ ወይም የበረዶ ጭራቅ ከሆነ ደግሞ × 2። በግምት 600 ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚፈራው ሃይፐር ቢም 150 ነበር። እንደ ፈረስ የሚሮጥ ሰንጋ ሆነ እኮ!

ሜታግሮስን ለማግኘት ጌሙን መጨረስ ያስፈልጋል። ሻምፒዮን ከሆናችሁ በኋላ ሞስዲፕ ከተማ ስቲቨን ቤት ስትገቡ ቤልደም የሚባለውን ታገኛላችሁ፤ ሌቭል 20 ላይ አንዴ፣ 45 ላይ ሌላ ጊዜ ይለወጣል። ያልጨረሳችሁ ስዋምፐርትን ተጠቀሙ፤ ይቻላል፣ ግን እንደ ሜታግሮስ አይሆንም።

ሜታግሮስ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ እሳትና መሬት። ስለዚህ አጠገቡ ሳላመንስን አስቀምጡ። ሳላመንስ ክንፍ ያለው ዘንዶ ነው። ጠላት ሜታግሮስን በመሬት መንቀጥቀጥ ሊመታ ነው ብላችሁ ስታስቡ ሳላመንስን ታስገባላችሁ፤ የሚበር ስለሆነ ጉዳቱ ዜሮ። እሳት ቢመጣ ግማሽ ብቻ ነው የሚጎዳው። ሳላመንስ ራሱ በጣም የሚፈራው በረዶን ነው፤ 4 እጥፍ ይጎዳዋል። በረዶ ሲመጣ ደግሞ ሜታግሮስን መልሱ፤ ብረት ስለሆነ በረዶ ግማሽ ነው የሚጎዳው። አንዱ የሌላውን ጀርባ ይጠብቃል። ይህ ጥንድ የኔ ግኝት አይደለም፤ ይህን ጌም የሚጫወቱ ጎበዞች ድሮም የሚያውቁት ነው። ግን ለምን እንደሚሠራ ለማየት ሰንጠረዡን በደብተራችሁ ሥሩት፣ ደስ ይላል።

አራተኛዋ ስታርሚ ናት፤ ፍጥነቷ 115፣ ሰርፍና ተንደርቦልት ታውቃለች፣ እሳትንም መሬትንም በውሃ 2 እጥፍ ትመታለች። አምስተኛው ብሪሉም ነው። ስፖር የሚባለው ዱቄት መሳይ ነገር ሲበትን ጠላት ያለመሳት ይተኛል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ብሪሉም የሚመጣው ከሽሩሚሽ ሌቭል 23 ላይ ነው፣ ስፖርን የሚማረው ግን ሽሩሚሽ እያለ ሌቭል 54 ላይ ነው። ቸኩላችሁ ከለወጣችሁት ብሪሉም ሆኖ አይማረውም። ስምንተኛ ክፍሎች ያላቸው ብሪሉም ስፖር የለውም። ይህን በማለቴ ይቅር በሉኝ።

«ትንሽ ጭራቅ ምን ታደርጋለች» የምትሉ ካላችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ፖክሞን የዓለም ሻምፒዮና አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በትልልቆቹ ምድብ ያሸነፈው ፓርክ ሴ ጁን የሚባል ኮሪያዊ ነው። በዚያ ውድድር ሁለት ሁለት ጭራቅ ነው ሜዳ የሚገባው። እሱ ከነጋይራዶስ መሐል ፓቺሪሱ የምትባል ሽኮኮ የምትመስል ደካማ ጭራቅ ይዞ ገባ። ሥራዋ «ወደ እኔ ምቱ» ማለት ነበር፤ ወደ ጋይራዶስ የሚመጣውን ምት እሷ ትቀበላለች፣ ጋይራዶስ በዚያ ጊዜ ይጠናከራል፣ ከዚያ ይመታል። ኒንጃስክም ለእኛ እንደዚያ ናት።

አሁን ቃሌን ልጠብቅ፤ እቅዱ እንዴት ይፈርሳል? አንደኛ፣ ኒንጃስክ በሁለተኛው ዙር አንድ ምት መቅመሷ አይቀርም። ድንጋይ ከሆነ 4 እጥፍ ነው፤ አለቀላት። ስለዚህ ጠላት መጀመሪያ ያወጣው የድንጋይ ምት የሚያውቅ ከመሰላችሁ ኒንጃስክን ለሌላ ጊዜ አቆዩአት። ሁለተኛው ሮር ነው፤ ጠላት ያገሣና ሜታግሮስን ከሜዳ ያባርረዋል፤ ሲባረር የተቀበለው ሁሉ ይጠፋል። ሄዝ የሚባለውም ጭጋግ ለቆ የሁሉንም ጭማሪ ወደ ዜሮ ይመልሳል። መልሱ ከሮር በፊት መፍጠን ነው፤ ሮር ሁልጊዜ ከሌላው ምት በኋላ ስለሚመጣ ሜታግሮስ አንድ ጊዜ ቀድሞ የመምታት ዕድል አለው። ያቺን አንድ ምት በትክክለኛው ሰው ላይ መጣል ነው። ሦስተኛው ታውንት ነው፤ ኒንጃስክን ከተሳደበባት መከለልም መጨፈርም ማቀበልም አትችልም፤ ያኔ አውጥታችሁ ስታርሚን አስገቡ።

ስድስተኛው ቦታ ገና አልተወሰነም። እኔ ኤሌክትሮድን እላለሁ፤ ፍጥነቱ 140 ነው፣ ራሱን አፈንድቶ በኤክስፕሎዥን ከፊቱ ያለውን ግንብ ይሰብራል፤ አንድ ለአንድ መለዋወጥ ነው። የኒንጃስኳ ባለቤት ግን «አንዱን በከንቱ ከምናጣ ስዋምፐርት ይሻላል» ትላለች። ከ7ኛ ክፍል ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ አስገቡልን። ስምንተኛ ክፍሎች ማስገባት አይቻልም።